ለፔጊ ስንል

ኦገስት 24፣ እሑድ

ካርታው ዛሬ ከቁም ሳጥኑ አናት ወረደ። ጎርደን አቧራውን በክንዱ ጠራርጎ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። የቁርሱን ሳህን ገና አላነሳሁም ነበርና የእንቁላሉ አስኳል አስክትዌት መንደር ላይ ጠብ አለ።

"መንደሩን አጥለቀለቅሽው" አለኝ።

"ሚስስ ሜትካፍ ዋና ትችላለች፣ አታስብ" አልኩት። ሳቅን።

በየዓመቱ በሴፕቴምበር መጨረሻ አስክትዌት ሄደን ሚስስ ሜትካፍ እንግዳ ማረፊያ ሁለት ሌሊት እናድራለን። ከተጋባን ጀምሮ የቀረነው ሊያንን የወለድኩ ዓመት ብቻ ነው። ዓርብ እንገባለን። ቅዳሜ ብላክ ሃግ የሚባለውን ጋራ አናቱ ድረስ እንወጣና በፏፏቴው በኩል ዞረን እንወርዳለን። እሑድ ቋሊማችንን በልተን ወደ ቤት። ይኸው ነው የኛ ሽርሽር፣ ባሕር ዳርቻ ምናምን አናውቅም።

መንገዱን የሚያወጣው ጎርደን ነው። ቀይ የሹራብ ክር ካርታው ላይ በየጠመዝማዛው እያስኬደ ይዘረጋል፣ ከዚያ ክሩን ቀጥ አድርጎ ይለካል። እኔ ሹራብ ሠርቼ አላውቅም፤ ክሩ ከየት እንደመጣ እሱ ይወቅ። ዘንድሮ ግን ብላክ ሃግ አናት ላይ ሲደርስ ክሩን ያዝ አደረገና ጠረጴዛው ስር ወደተኛችው ውሻችን ዝቅ ብሎ አየ።

"ፔጊ ይሄን ሁሉ የምትችለው ይመስልሻል?"

"ምን ሆነች?"

"አረጀች እኮ ሂላሪ። እግሯን አላየሽውም?"

እውነቱን ለመናገር አላየሁትም። በየቀኑ አብሬያት እየዋልኩ! ስለዚህ ፏፏቴው ቀረ። አናቱ ድረስ ወጥተን በዚያው በመጣንበት እንመለሳለን። ለፔጊ ስንል።

ኦገስት 30፣ ቅዳሜ

ሚስስ ሜትካፍ ጋ ደወልኩ።

"ያው የላይኛው ክፍላችሁ ነዋ የኔ ሆድ?" አለችኝ።

ጎርደን ከኋላዬ ቆሞ በጣቱ ወደ መሬት እየጠቆመ "ታች፣ ታች" ይላል።

"ዘንድሮ እንኳ ከታች ያለውን ብትሰጭን" አልኳት። "ለውሻዋ ነው። ደረጃው ይከብዳታል።"

"ውይ ምስኪን! አምና አይደል እንዴ ደረጃውን በአንድ ትንፋሽ ወጥታ ያልጋ ልብሴን ያበላሸችው?"

"አረጀችብን ምን ላድርግ።"

"ሁላችንም አረጀን" አለችና ሳቀች። ክፍሉን ያዝን።

ሴፕቴምበር 2፣ ማክሰኞ

ጥድፊያ ላይ ነኝ። የጎርደን የተራራ ጫማ ጠበበው። "ማሞቂያው አጠገብ አድርገሽ አኮማተርሽው" ይለኛል። አድርጌያለሁ እኮ! በማርች ዝናብ የመታው ቀን እኔው ነኝ እዚያ ያስቀመጥኩት። አይ እኔ። ከተማ ወርጄ አዲስ ልገዛለት ነው።

ማታ፦ አንድ ቁጥር የሚበልጥ ገዛሁ፣ እሱም ጠበበው። ነገ መልሼ ሌላ መለወጥ አለብኝ። ካልሲውን ሲያወልቅ የካልሲው ጠርዝ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ሰርጎ መስመር ሠርቶ ቀርቷል። በጣቴ ነካ ባደርገው ጣቴ ያረፈበት ጎድጉዶ ቀረ። ካልሲውም ተኮማትሯል ማለት ነው። የልብስ ማጠቢያውን ሙቀት ቀንሼዋለሁ።

ሴፕቴምበር 5፣ ዓርብ

ዛሬም ጠዋት ስነሳ ጎርደን አልጋው ላይ የለም። ወርጄ ሳይ ሳሎን ወንበሩ ላይ ትራስ ደራርቦ ቁጭ እንዳለ እንቅልፍ ወስዶታል።

"ምነው?" ስለው፣

"ፔጊ ስትነፋረቅብኝ አደረች። ከሷ ጋ ልቀመጥ ብዬ ነው" አለኝ።

ፔጊ ግን የተኛችው እኔ እግር ስር ነበር። ስነሳም እዚያው ነበረች። መጀመሪያ ታች ነፋርቃ ኋላ ወጥታ ይሆናል።

ሴፕቴምበር 9፣ ማክሰኞ

ልብስ ሳሰጣ ጎረቤታችን ትሬቨር በአጥሩ በላይ ብቅ አለ።

"የባልሽ ፉጨት የት ገባ?" አለኝ። "ድሮ ጠዋት ጠዋት ፔጊን ሲጠራት ሚስቴ 'ባቡሩ መጣ፣ ተነስ' ነበር የምትለኝ። አሁን አርፍጄ መነሳት ጀመርኩ፣ በናንተ ጥፋት ነው።"

እውነት ነው፣ የጎርደን ፉጨት የታወቀ ነው። ሁለት ጣቱን አፉ ውስጥ ከቶ ሲለቀው ሜዳው ማዶ ያለች ውሻ ሁሉ ትዞራለች። ፔጊ ከሱ ፉጨት ሌላ ጥሪ አታውቅም፤ እኔ በስሟ ስጠራት እንደ ሬዲዮ ነው የምታየኝ።

"ጆሮዋ ደክሟል" አልኩት። "ቢያፏጭላትም አትሰማ፣ ስለዚህ ተወው።"

ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። አፌን ስከፍት ተዘጋጅቶ ወጣ። ትሬቨር ከንፈሩን መጠጠና "ምስኪን" አለ፤ ፔጊ ያን ጊዜ ከጓሮው ጫፍ የሱን የብስኩት ወረቀት ኮሽታ ሰምታ እየበረረች መጣች። ሁለታችንም አየናት። ሁለታችንም ስለ አየሩ አወራን።

ማታ ጎርደን ካርታውን እንደገና ዘረጋ። ክሩን አናቱ ድረስ ሳያስኬድ ዳገቱ መሃል ያለው ሁለተኛው የበጎች አጥር በር ላይ አቆመውና በመቀስ ቆረጠው።

"እዚህ ድረስ ብንሄድ ይበቃታል። ከዚያ አናቱ ይታያል እኮ።"

"ማየትማ ከመኪናም ይታያል" አልኩት።

 ካርታውን አጣጥፎ ተነሳ። ምን አለ ምላሴን ብቆርጠው! ለቀልድ ነበር፣ እሱም ሁልጊዜ ቀልዴን ያነሳልኝ ነበር። የቆረጠው ክር ጠረጴዛው ላይ ቀርቷል፣ ከጣቴ አይበልጥም።

ሴፕቴምበር 12፣ ዓርብ

ሊያን ከለንደን ደወለች። ባለፈው እሑድ ለምሳ መጥታ ነበር።

"እማ፣ ሰምተሽኝ ስልኩን ዝጊ" አለችኝ። "ውሻዋ አይደለችም።"

"ምኑ ነው ውሻዋ ያልሆነችው?"

"እማዬ! አባዬ እስከ መኪናዬ ሸኝቶኝ ሲመለስ በመስታወት አየሁት። በሩን ተደግፎ ቆመ። ከንፈሩ ጠቁሮ ነበር።"

"ብርድ ነው።"

"በሴፕቴምበር?"

"እዚህ ዮርክሻየር ነው። አንቺ ለንደን ገብተሽ ረሳሽው እንጂ።"

"ንገሪው። ሐኪም ጋ ይሂድ።"

"አንቺ ንገሪው። አንቺን ይሰማሻል።"

"ነግሬዋለሁ። 'እንደ እናትሽ ጭቅጭቅ ጀመርሽ?' አለኝ። አንቺ ጨቅጭቀሽው ታውቂያለሽ እንዴ?"

አላውቅም። ስልኩን ዘጋሁና ወጥ ቤቱን ሁለት ጊዜ ወለወልኩ።

አሁን እሱ ቴሌቪዥን እያየ ነው፣ እኔ እዚህ በሩን ዘግቼ እጽፋለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ፀጉር ሠርቻለሁ። ሰው ፊት ለፊት የማይናገረውን መስታወት ውስጥ እያየ ይናገራል። ባሏ ጥሏት የሄደባት፣ ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች፣ ልጇ የታሰረባት፣ ሁሉም መስታወቱን እያዩ ነው የነገሩኝ። እኔም መስታወቱን እያየሁ "ነገ ጠዋት ሐኪም ጋ ትሄጃለሽ፣ አለዚያ ግማሽ ፀጉርሽን ብቻ ቆርጬ ነው የምለቅሽ" እል ነበር። ይስቁና ይሄዱ ነበር። ለሰው ሲሆን ማን ይችለኛል!

ጎርደን ደረጃው መሃል ላይ ቆም ብሎ ግድግዳው ላይ ያለውን የሊያንን የትምህርት ቤት ፎቶ ያያል። ሁልጊዜ እዚያችው ቦታ። ያን ፎቶ ስንት ጊዜ ያየዋል? ጥርሷ የወለቀበት ፎቶ ነው፣ ምን አዲስ ነገር አለው? የጫማውን ክር ለማሰር ይቀመጣል፣ ግን አያስርም። የመኪናውን ቁልፍ ለኔ ሰጥቷል፣ "እኔ ፍሬን ስይዝ ፔጊን ያስመልሳታል" ብሎ። እኔ ደግሞ እሺ ብዬ ተቀብያለሁ። ሁሉንም እሺ ብዬ ነው የተቀበልኩት፤ ደስ ብሎኝ፣ እያመሰገንኩ።

ፈራሁ። ይኸው ጻፍኩት። ጎርደን አንድ ነገር እንዳይሆንብኝ ፈራሁ።

ሴፕቴምበር 16፣ ማክሰኞ

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ክሊኒኩ ስልክ ማንሳት ሲጀምር ደወልኩ። እንደ ሁልጊዜው ሰው እስኪያነሳ የወረፋው ሙዚቃ ነው መጀመሪያ የሚመጣው። ሻዬ ቀዘቀዘ። በመጨረሻ ለሐሙስ ቀጠሮ ሰጡኝ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም!

ለጎርደን ስነግረው ከጋዜጣው ቀና ሳይል "ደግ አደረግሽ" አለኝ። እንዲህ ቀላል ነበር ለካ። በከንቱ ራሴን ስበላ ከረምኩ።

ሴፕቴምበር 18፣ ሐሙስ

ኮቴን ለብሼ፣ ቁልፉን ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ። ጎርደን ወንበሩ ላይ ነው።

"ተነስ እንጂ፣ ይረፍድብናል።"

"መለስኩት እኮ" አለኝ።

"ምኑን?"

"ቀጠሮውን። ትናንት ደውዬ ለሚያስፈልገው ሰው ስጡት አልኳቸው። ስንት የታመመ ሰው ወረፋ እየጠበቀ፣ እኔ ትንሽ ስለደከመኝ ሄጄ የሰው ቦታ ልያዝ? ትሬቨር እንኳ ለጉልበቱ ስንት ወር ጠበቀ።"

"ለትሬቨር ጉልበት ሰጠኸው?"

"እንዲያ አላልኩም።"

መጮህ ነበረብኝ። ሌላ ሴት ብትሆን ትጮህ ነበር። እኔ ኮቴን አውልቄ ጓሮ ወጣሁና የቆሻሻ በርሜሉን በብሩሽ ፈተግኩት። ትሬቨር በአጥሩ በላይ "ዛሬ ደግሞ ምን ነካሽ?" ሲለኝ "ሸትቶ ነው" አልኩት። እንባዬ ሲወርድ የሳሙናው ነው ብሎ ይሆናል።

ስመለስ ጎርደን ስልክ ይዟል። ለፔጊ የእንስሳት ሐኪም ቀጠሮ እየያዘላት! "ከጉዞው በፊት ብትታይ ይሻላል" አለኝ። ለነገ ሰጧት። ለውሻ ሲሆን ወረፋ የለም፣ ገንዘቡን ከከፈልሽ። ገንዘቡንም ሳያቅማማ ነው የሚከፍለው።

ሴፕቴምበር 19፣ ዓርብ

የእንስሳት ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ግንባሯ ላይ ያለውን ፀጉር ራሷ በወጥ ቤት መቀስ የቆረጠችው ይመስላል። ፔጊን ጠረጴዛው ላይ አቆመቻት። እግሯን አንድ በአንድ አጠፈች፣ ዘረጋች። ከዚያ ማዳመጫዋን ደረቷ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች።

"ምን ብዬ ልንገራችሁ" አለች። "ይሄ ልብ የቡችላ ልብ ነው። እግሯም ደህና ነው። ስኮትላንድ ድረስ በእግሯ ብትወስዷት ትደርሳለች።"

 ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የጎርደን ትንፋሽ ብቻ ነበር። ከመኪናው እስከ ውስጥ ድረስ ሄደን ገና መቀመጡ ነው፣ ትንፋሹ ሲር ሲር ይላል። ልጅቷ ማዳመጫውን ከጆሮዋ አወረደችና አየችው።

"እርስዎንስ ሰው አዳምጦዎታል?"

"እኔ ኢንሹራንስ የለኝም" አላት። እንደ ፔጊ የውሻ ኢንሹራንስ ማለቱ ነው፤ ለቀልድ።

አልሳቀችም። ወደ እኔ ዞረች። አንድ ቃል ብተነፍስላት የቀረውን እሷ ትለው ነበር፣ ዓይኗ ላይ አይቼዋለሁ። እኔ ምን አደረግኩ? ግድግዳው ላይ ስለ ሆድ ትል የተለጠፈውን ማስታወቂያ ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። ስለ ውሻ ሆድ ትል የማላውቀው የለም አሁን።

መኪናው ውስጥ ስንገባ ጎርደን ቀበቶውን አሰረና፣

"ልጅ ናት" አለ። "ፔጊን ዳገት ላይ አላየቻትም።"

"አላየቻትም" አልኩ።

አላየቻትም አልኩ! እኔ ሂላሪ! ምን ዓይነት ሴት ነኝ?

ሴፕቴምበር 23፣ ማክሰኞ

ዛሬ ሞከርኩ። ሰሃን እያጠብኩ፣ ጀርባዬን ሰጥቼው፣ "ዘንድሮ አስክትዌት ቢቀርብን ምን ይመስልሃል?" አልኩት።

"ለምን?"

እንግዲህ በሩ ተከፍቶልኝ ነበር።

"ለፔጊ ብዬ ነው" አልኩ።

"ፔጊማ አስክትዌትን ትወዳለች። ቢቀርባት ይከፋታል።"

 በገዛ ገመዳችን ታስረናል።

ስለዚህ ቆርጫለሁ። አስክትዌት እንሄዳለን፣ ሁለተኛው በር ላይ እነግረዋለሁ። እዚያ የሚታጠብ ሰሃን የለም፣ የሚፈተግ በርሜል የለም፣ ትሬቨር የለም። በጎች ብቻ ናቸው። የምለውን አዘጋጅቻለሁ። "ጎርደን፣ ውሻዋ አይደለችም። አንተ ነህ። እኔም ፈርቻለሁ።" ይኸው ነው። ሻይ ሳፈላ እለዋለሁ፣ አልጋ ሳነጥፍ እለዋለሁ። ፔጊ ስሰማት አንገቷን ጠመም አድርጋ ታየኛለች። ሊያን ደውላ "ነገርሽው?" ስትለኝ "ቅዳሜ" አልኳት። "ለምን ዛሬ አይሆንም?" አለች። የቤት ልጅ ሆና እንደ ባዳ ትጠይቀኛለች? እሷም እዚህ ቤት አይደል ያደገችው!

ሴፕቴምበር 26፣ ዓርብ

ደረስን። እኔ ነዳሁ። ጎርደን መስኮቱን ከፍቶ መጣ፣ "ፔጊ አየር ትፈልጋለች" ብሎ። ከመኪናው በር እስከ ክፍሉ ሻንጣውን እኔ ተሸከምኩ። ሚስስ ሜትካፍ ልታቅፈው እጇን ዘርግታ መጣችና ፊቱን ስታይ እጇ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ አቀፈችው። ራት የበግ ሥጋ በድንች ነው። ሁለት ጉርሻ በልቶ ተወው። ነገ ይዘንብ ይሆን? በዘነበ! አይ፣ እንዳይዘንብ። አላውቅም።

ሴፕቴምበር 27፣ ቅዳሜ

አልዘነበም። ከስንት ዓመት አንዴ የሚገኝ ቀን ነበር፣ ፀሐይ፣ ትንሽ ነፋስ። ጎርደን ሁለት ቁጥር የሚበልጠውን ጫማውን ክሩን አላልቶ አጠለቀ። ፔርሙዝ ያዝኩ፣ ሳንድዊች ያዝኩ፣ የምለውን ያዝኩ።

መኪናውን መንገዱ ዳር አቁመን በመጀመሪያው በር ገባን። ጎርደን የፔጊን ገመድ ፈታላት። ወፍ ሆና ጠፋች! እሱ የድንጋይ ካቡን በእጁ እየዳሰሰ ይሄዳል፣ ልክ ደረጃ እንደሚወርድ ሰው፣ ግን እየወጣን ነው። ጥቂት ሄድ እንልና "እስቲ ፔጊን እናሳርፋት" ይላል። ፔጊ ያን ጊዜ የት እንዳለች እንኳ አናውቅም። ቆመን በጎቹን እናያለን። ለመለያ ጀርባቸው ላይ ሰማያዊ ቀለም ተቀብተዋል። "ዘንድሮ ሰማያዊ አደረጉት" ይላል። "አምና ቀይ ነበር" እላለሁ። እንደገና ጥቂት እንሄዳለን።

ሁለተኛው በር ስንደርስ የበሩን እንጨት በሁለት እጁ ያዘ። ግንባሩን ክንዱ ላይ አሳረፈው። ፔጊ በበሩ ስር ሾልካ ወጣች፣ ዳገቱን ሽቅብ በረረችው፣ ከላይ ቋጥኙ ላይ ቆማ ዞራ ጮኸችብን። ምነው ቀራችሁ ነው የምትለው። ጭራዋ ይወዛወዛል።

ጎርደን ቀና አለ። ትንፋሹን ጠበቀ፣ ጠበቀ፣ ከዚያ፣

"ደክሟታል" አለ።

የምለው ነገር አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚህ በላይ ምን ይመቻቻል? ግን አየኝ። በትዳራችን ሁሉ እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም። ለምኖኝ አያውቅም ጎርደን፣ ምንም ነገር። ዓይኑ ብቻ "አትበይው፣ እባክሽ አትበይው" አለኝ። 

"አዎ፣ ደክሟታል" አልኩት። "እንመለስ።"

ፔጊን ሊጠራት ሁለት ጣቱን አፉ ውስጥ ከተተ። አየር ብቻ ወጣ። እንደገና ሞከረ። አየር። ጣቱን አወጣና አንዳች ነገር የነካው ይመስል ሱሪው ላይ ጠረገው።

"እስቲ አንቺ ሞክሪ" አለኝ።

አፏጭቼ አላውቅም። በልጅነቴም አልቻልኩበትም። ጣቴን ከትቼ ነፋሁ፣ ምራቅ ብቻ ነው የወጣው። "ፔጊ!" ብዬ ጮህኩ፣ ነፋሱ ወሰደው። እሷም ቆይታ ቆይታ ዞረችና ወደ አናቱ ሄደች። እኛ በሩ ላይ ቆምን። የማንችለው ዳገት፣ የማንጠራት ውሻ።  ከፔርሙዙ ሻይ ቀዳሁለት። እንዳይፈስበት ግማሽ ኩባያ ነው የሞላሁት።

ብዙ ቆይቶ አንድ ቀይ የዝናብ ልብስ የለበሰ ሰውዬ ከላይ ፔጊን በአንገቷ ማሰሪያ ይዞ ወረደ።

"የናንተ ናት?" አለ እየሳቀ። "አናቱ ድረስ ቀደመችኝ እኮ! ሳንድዊቼን ስትጨርስልኝ ነው የመጣችው። የምን ጉልበት ነው ጃል!"

"እናመሰግናለን" አለው ጎርደን። ቃሉን ለሁለት ከፍሎ ነው ያወጣው። "ዳገት... አይሆንላትም። እግሯ ነው።"

ሰውዬው ፔጊን አያት፤ ደረቱ ላይ እየዘለለች ነው። ጎርደንን አየው። እኔን አየኝ። ሳቁ ጠፋ።

"አዎ" አለ። "ሲያረጁ እንዲያ ነው። ቁልቁለቱን ቀስ ብላችሁ ውሰዷት።"

የጨዋ ልጅ። በዚያች ሰዓት እንደሱ የጠላሁት ሰው አልነበረም። እኔን ራሴን ነበር የመሰለኝ።

አሁን ክፍላችን ውስጥ ነን። ጎርደን መስኮቱ ሥር ወንበር ላይ ነው። ሚስስ ሜትካፍ ማንም ሳይጠይቃት ሦስት ትራስ ታቅፋ መጣች። "ለፔጊ ነው" አለችኝና ዓይኔን ሳታየኝ በሩን ዘጋች።

ሴፕቴምበር 28፣ እሑድ

ቤት ገባን። ጠዋት ጎርደን ቋሊማውን ለፔጊ ሰጣት። መኪና ውስጥ፣ ግማሽ መንገድ ላይ፣ "ለከርሞ ፏፏቴውንም እንጨምራለን፣ ፔጊ ካገገመች" አለኝ። "ካገገመች" አልኩ። መንገዱ አልታይ ስላለኝ ዳር ይዤ ቆምኩ፣ መነጽሬን ልጠርግ ነው ብዬ።

ሴፕቴምበር 29፣ ሰኞ

ይሄን የምጽፈው ሆስፒታል ኮሪደር ውስጥ ነው። ደብተሩን ቦርሳዬ ውስጥ የከተትኩት መቼ እንደሆነ አላውቅም።

ሁለት ሰዓት ሲሆን ክሊኒኩ ደወልኩ፤ ሙዚቃው እየተጫወተ እጄ ነፃ እንዲሆን ስልኩን ድምፁን ከፍቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ጎርደን ወንበሩ ላይ ሆኖ በእጁ "ተይው፣ ተይው" ይለኛል። የክሊኒኩ ስልክ ተቀባይ ልጅ አነሳች።

"ምንድን ነው ችግሩ? አስቸኳይ ነው?"

"ኧረ አይደለም" አልኩ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እንዲያ ነው ያልኩት! "ልናስቸግራችሁ ፈልገን አይደለም፣ ቦታ ካላችሁ ብዬ ነው..."

ያን ጊዜ ፔጊ ገመዷን በአፏ ይዛ መጣችና ጎርደን ጉልበት ላይ አኖረችው። ሊያነሳው እጁን ላከ። ገመዷን፣ ያቺን ቀጭን ገመድ። እጁ መሃል መንገድ ላይ ቀረ።

"አስቸኳይ ነው!" አልኩ። ጮህኩ መሰለኝ። "አስቸኳይ ነው። ውሻዋ አይደለችም። ባሌ ነው።"



"የምን ውሻ?" አለች ልጅቷ።

ጎርደን ሰማት። ዓይኑን ጨፈነ። ልጅቷ ከዚያ ትጠይቀኝ ጀመር፤ እግሩ አብጧል? አዎ። ከንፈሩስ? አዎ። ተኝቶ ማደር ይችላል? አይችልም፣ ቁጭ ብሎ ነው የሚያድረው። ከመቼ ጀምሮ? ለሁሉም መልስ ነበረኝ። አንዱን እንኳ ማሰብ አላስፈለገኝም። "ስልኩን ዝጊና አምቡላንስ ጥሪ፣ አሁኑኑ" አለችኝ።

ሲያወጡት አፉ ላይ ጭምብል አድርገውለት ነበር። ከጭምብሉ ሥር፣ "ይሄን መኪና የሚፈልግ ሰው ይኖራል እኮ" አላቸው።

"አለ" አልኩት። "አንተ ነህ።"

እጄን ያዘኝ።  እኔም የቀረውን፣ ፈርቻለሁ የሚለውን፣ ነገርኩት፤ መኪናው ጩኸቱን ለቆ ስለነበር ይስማው አይስማው አላወቅኩም። እዚህ ስንደርስ በዚያ በር አስገቡትና ተቀመጪ አሉኝ። ሊያን ባቡር ላይ ናት። እስካሁን ማንም ወጥቶ ምንም አልነገረኝም። ነጭ ጋዋን የለበሰ ባለፈ ቁጥር እነሳለሁ፣ አልፎኝ ሲሄድ እቀመጣለሁ።

አሁን ትሬቨር ደወለ። ፔጊን ለሱ ነበር የተውኳት። አምልጣው እኛ ደጃፍ ላይ ቆማለች፣ መኪናው የሄደበትን መንገድ እያየች፤ ቢጠራት አትመጣ፣ ቢጎትታት አትነቃነቅ።

"ጎርደን እንዴት ነበር የሚያፏጭላት?" አለኝ። "እስቲ በስልኩ አሰሚኝ፣ እኔ እሞክራለሁ።"

ስልኩን አፌ አጠገብ ይዤ ሁለት ጣቴን ከተትኩና ነፋሁ። ኮሪደሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እንደገና ነፋሁ። አየር ብቻ ነው የወጣው።